«አስቤበት ነው» የምንለው ምን ፈርተን ነው?

ዝምታ_ይብቃ (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከርሟል። ላቅርበውና ተከራከሩበት።

የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ነን። አለቃችን አዲስ ዕቅድ አቀረበ። ዕቅዱ እንደማያስኬድ ኮሪደር ላይ ያላማ ሰው አልነበረም። አቅርቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እሺ፣ አስተያየት?» አለ። ጸጥ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ቅድም በር ላይ ቆማ ዕቅዱን ስትዘለዝለው የነበረችው ናት። የብዕሯን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግማ ትከፍታለች። ከዚያ «ጥሩ ነው፤ በደንብ ታስቦበታል» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ስንወጣ «ምነው እንደዚያ አልሽ?» ብላት «አስቤበት ነው፤ አሁን ጊዜው አይደለም» አለችኝ።

ይህቺ «አስቤበት ነው» አልለቀቀችኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ሐሳቡ የመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ የወሰነው ፍርሃት ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ጸሐፊው ሆኖ ቃለ ጉባኤውን ጻፈ።

እንዲያውም ልግፋበት። ጠንክሮ የሚማረው መውደቅን ፈርቶ ነው። የሚያገባው ብቸኝነትን ፈርቶ ነው። የሚቆጥበው ድህነትን፣ የሚለግሰው ሐሜትን ፈርቶ ነው። ፍቅር፣ ምኞት፣ ኩራት የምንላቸውን ቆፍሯቸው፤ ከሥር ፍርሃት ታገኛላችሁ። ተሳስተሃል የሚል ይምጣ።

ብራና_ገላጭ

መጣሁልህ። አጻጻፍህን ወድጄዋለሁ፤ ሐሳብህን ግን አልቀበለውም። ሁሉንም ነገር ፍርሃት ካልከው እኮ ፍርሃት የተለየ ነገር መሆኑ ቀረ። የሚተኛው ድካምን ፈርቶ፣ የሚስቀው ኀዘንን ፈርቶ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ክርክር አይረታም፤ ግን ምንም አያስረዳም።

አንድ ጥናት ላንሳ (እዚህ የምንጠቅሰውን ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እናድርገው)። በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን «ብትሥሉ ሽልማት አለ» ተባለ። ሁለተኛው ሳይነገረው ሥሎ ሲጨርስ ተሸለመ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። በኋላ በነጻ ጨዋታ ሰዓት ሲታዩ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ለመሣል የነበራቸው ጉጉት ቀንሶ ተገኘ። የሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ግን አልቀነሰም።

እነዚህ ልጆች ድሮውኑ ለምን ይሥሉ ነበር? ማንን ፈርተው? ደስ ስላላቸው ነው፣ በቃ። ደስታው ራሱን የቻለ ምክንያት ነበር። የጎዳው ደግሞ ቅጣት ሳይሆን ሽልማት ነው።

ዝምታ_ይብቃ

የአራት ዓመት ልጅ አምጥተህ ረታሁህ ልትለኝ ነው? ልጅ እኮ ገና ሰው ምን ይለኛል አላለም። እኔ የማወራው ስለ አዋቂ ነው።

ብራና_ገላጭ

እንግዲህ ከልጅነት በኋላ የሚጨመር ነገር ከሆነ «ሥሩ» አይደለማ።

ነጭ_ጋውን

የጤና ባለሙያ ነኝ። ሁለታችሁም ፍርሃትን እንደ ጠላት ነው የያዛችሁት። እስቲ ፍርሃት የሌለበት ሰው እንይ።

በሕክምና ጽሑፎች ኤስ ኤም በሚሉ ፊደላት ብቻ የምትጠራ ሴት አለች። ከስንት አንድ ሰው ላይ የሚከሰት የዘር በሽታ በግራና በቀኝ ያለውን አሚግዳላ የተባለ የአንጎሏን ክፍል አጥፍቶታል። ይህ ክፍል አደጋን ለይቶ ሰውነትን ለማንቃት ትልቅ ድርሻ አለው። ተመራማሪዎች የእባብ መሸጫ ወሰዷት። ቀድማ «እባብ እጠላለሁ» ብላቸው ነበር። ደርሳ ስታይ ግን በእጇ ያዘችው፤ ትልልቆቹንና አደገኞቹንም ካልነካሁ ብላ አስቸገረች። አንድ ጊዜ መናፈሻ ውስጥ ሰው ቢላ አንገቷ ላይ ደግኖባታል። በማግስቱ በዚያው መናፈሻ ሄደች።

ጀግንነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከአደጋ መሸሽ የሚያስተምረው ነገር ስለሌላት ሕይወቷ በተደጋጋሚ አደጋ ላይ ወድቋል። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። በ2013 በወጣ ጥናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ስትስብ በድንጋጤ ተርበተበተች። ከውጭ የሚመጣ አደጋ አያስፈራትም፤ ከራሷ ሰውነት የመጣ መታፈን ግን አስፈራት። ስለዚህ ፍርሃት አንድ ወጥ ነገር እንኳን አይደለም።

አሁን ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ልጇን ሳል ይዞት ይዛው መጣች። ልጁን መረመርኩት፤ ቀላል ጉንፋን ነው። ተነሥታ መሄድ ሲገባት አልሄደችም። ጭኗ ላይ ፖስታ አለ፤ ጠርዙ ከመታሸት ብዛት ተልጧል። የራሷ የምርመራ ውጤት ነው። አልከፈተችውም። «ጊዜ አጥቼ ነው» አለችኝ። ጊዜማ ነበራት፤ ያጣችው ሌላ ነገር ነው። ያልተከፈተ ፖስታ ውስጥ ሁለቱም ዕድል አለ፤ ሲከፈት አንዱ ይቀራል። አብረን ከፈትነው። ሕመም አለ፤ ግን ጊዜው አላለፈም።

በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ሰው አያለሁ። ያው ፍርሃት አንዱን ሮጦ እንዲመረመር፣ ሌላውን እንዲደበቅ ያደርገዋል። «ፍርሃት ወሰነ» ብሎ ማለፍ ለእኔ ምንም አይነግረኝም።

ደረቅ_ቁጥር

ነጭ_ጋውን የነገረችን ያልተከፈተ ፖስታ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ቨርስኪ የተባሉትን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አስታወሰኝ። የሚታወቁበትን ንድፈ ሐሳብ ያወጡት በ1979 ነው። ፍሬ ነገሩ፦ የምናጣው ነገር ያንኑ ያህል ከምናገኘው ይልቅ ይከብደናል። ካህነማን በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ቨርስኪ በ1996 ስለሞተ አልደረሰበትም።

በ1981 ያወጡትን ፈተና ራሳችሁ ላይ ሞክሩት። 600 ሰው ሊገድል የሚችል ወረርሽኝ መጣ። በአንደኛው መርሐ ግብር 200 ሰው በእርግጠኝነት ይድናል። በሁለተኛው ከሦስት አንድ ዕድል 600ውም ይድናሉ፤ ከሦስት ሁለት ዕድል ግን ማንም አይድንም። ከተጠየቁት 72 በመቶው እርግጠኛውን መረጡ።

ለሌሎች ሰዎች ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ቀረበ። በአንደኛው 400 ሰው ይሞታል። በሁለተኛው ከሦስት አንድ ዕድል ማንም አይሞትም፤ ከሦስት ሁለት ዕድል 600ውም ይሞታሉ። አሁን 78 በመቶው ቁማሩን መረጡ።

ልብ በሉ፤ ሒሳቡ አንድ ነው። 200 ዳነ ማለት 400 ሞተ ማለት ነው። «ይድናል» ሲባል ያለውን ላለማጣት ጥንቁቅ እንሆናለን። «ይሞታል» ሲባል ሞቱን በእጃችን ላለመፈረም እንቆምራለን። ፍርሃት ፈሪ ብቻ ሳይሆን ደፋርም ያደርጋል። የከሰረ ነጋዴ ያለችውን ጥሪት አሟጦ የሚያስገባው ደፋር ሆኖ ነው? ኪሳራውን አምኖ መዝጋት አስፈርቶት ነው።

ባቡር_ልሳፈር

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 የአውሮፕላን ጥቃት በኋላ ብዙ አሜሪካውያን አውሮፕላን ፈርተው በመኪና መጓዝ ጀመሩ። ጌርድ ጊገረንዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሰላው። በቀጣዮቹ 12 ወራት በዚህ ምክንያት 1,500 ገደማ ተጨማሪ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሞቱ ገምቷል። አውሮፕላን ሲወድቅ መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ነው፤ ዜና ይሆናል። መኪና አንድ አንድ ሰው ነው የሚወስደው። ማን ያየዋል?

ጡረተኛው_መሐንዲስ

ልጆች፣ ደህና እያወራችሁ ነው። እኔ ዕድሜዬን በምህንድስና የጨረስኩ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ግን ስታልፉት አየሁ። አደጋን መፍራትና ሰውን መፍራት አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜም ሁለተኛው ያሸንፋል።

ቻሌንጀር የተባለችውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ታስታውሳላችሁ? ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። ጥር 27 ቀን 1986 ማታ፣ ልትተኮስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ የሮኬቱን ማስወንጨፊያ የሠራው የሞርተን ታይኮል ኩባንያ መሐንዲሶች ከናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት) ሰዎች ጋር በስልክ ተሰበሰቡ። የሚቀጥለው ቀን በጣም እንደሚቀዘቅዝ ተተንብዮ ነበር። የሮኬቱ ክፍሎች የሚገጣጠሙበትን ቦታ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት በብርድ ይደርቃል፤ ቶሎ ቦታውን አይሞላም። መሐንዲሶቹ መረጃ አቀረቡ። ቁርጥ ባለ ቃል «ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አትተኩሱ» አሉ።

ናሳዎች ተቆጡ። የኩባንያው ሰዎች ስልኩን ለጊዜው ዘግተው ለብቻቸው መከሩ። ያኔ ነው አንዱ ከፍተኛ ኃላፊ የምህንድስናውን ምክትል ፕሬዚዳንት «የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አስኪያጅ ባርኔጣህን አድርግ» ያለው። ሰውዬው ሐሳቡን ለወጠ። ስልኩ ሲከፈት መልሱ «ተኩሱ» ሆነ። በማግስቱ ከተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች። ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ፍርሃት ነበር። አንዱ «ይፈነዳል» የሚል፣ ሌላው «ደንበኛችን ይቀየመናል» የሚል። የመጀመሪያው በወረቀት ላይ ያለ ዕድል ነው። ሁለተኛው ስልኩ ውስጥ ድምፁ ይሰማል። ቅርብ ያለው ፍርሃት ሩቅ ያለውን አሸነፈው። ሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር፣ እርግጥ ማንም ባይሞትበትም፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። የዝምታ_ይብቃ ባልደረባም ብዕሯን ስትከፍትና ስትዘጋ በሁለት ፍርሃት መካከል ነበረች እንጂ በአንድ አይደለም።

ሦስተኛው_መሥመር

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ያሉትን የሚያጠናክር ነገር ልጨምር።

ሰለሞን አሽ የተባለ ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሰዎችን አሰባስቦ መሥመር አሳያቸው። ከሦስቱ የትኛው ከዚህ ጋር እኩል ነው? ሕፃን የሚመልሰው ነገር ነው። ግን ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሁሉ በድብቅ የተነገራቸው ናቸው፤ ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምስኪኑ አንድ ሰው ተራው መጨረሻ አካባቢ ሲደርሰው ምን ይላል? በሲሶ ያህሉ ዙር ከስህተቱ ጋር ተስማማ። ቢያንስ አንድ ጊዜ ያጎበደደው ሰው ሲቆጠር ከአራት ሦስት እጅ ሆነ።

እዚህ ላይ ቅጣት የለም፣ አለቃ የለም፣ ደመወዝ የለም። የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ይሉኝታ ለብቻው ዓይኑ ያየውን አስካደው። ደግሞ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ሲገባበት የሚያጎበድደው ቁጥር አሽቆለቆለ። አንድ ሰው!

ዝምታ_ይብቃ፣ ወንድሜ፣ አንተስ በዚያ ስብሰባ ላይ ምን አልክ? አልነገርከንም እኮ 😄

ዝምታ_ይብቃ

ስሜን እየው፤ ገና ምኞት ነው።

በረኛው

ዝም ማለትም ሆነ መንቀሳቀስ ከይሉኝታ ሊመጣ ይችላል። በ2007 የወጣ ጥናት 286 የፍጹም ቅጣት ምቶችን ተመለከተ። ከተመቱት ኳሶች ወደ መሐል የሄዱት 29 በመቶ ገደማ ናቸው። በረኛው መሐል ላይ የቆመው ግን 6 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ከቁጥሩ ብትነሡ ቆሞ መጠበቅ ይሻለው ነበር። ግን ቆሞ ቢገባበት «ፈዞ ቀረ» ይባላል። ዘሎ ቢገባበት «ምን ያድርግ፣ ሞክሯል» ይባላል። ኳስ ስጫወት በረኛ ነኝና አምናለሁ። ቆሞ መግባት ያሳፍራል።

መሥሪያ ቤት ውስጥም ነገር ሲበላሽ ወዲያው ኮሚቴ የሚቋቋመው ለዚህ ይመስለኛል።

ውሽንፍር

«ሰው ካልፈራ አይታረምም» ለሚሉ አለቆችና ወላጆች ይቺን ውሰዱልኝ። በእስራኤል ሃይፋ ከተማ በአሥር የሕፃናት ማዋያዎች የተደረገ ጥናት ነው፤ የወጣው በ2000። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ያረፍዳሉ። በስድስቱ ማዋያዎች ለሚያረፍድ ቅጣት ተጣለ። አርፋጁ ቀነሰ? ኧረ በየት በኩል! በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ቅጣቱ ሲነሣም ወደ ድሮው አልተመለሰም።

በፊት የሚያቻኩላቸው ሞግዚቷን ማስጠበቅ ነውር መሆኑ ነበር። ገንዘብ ሲገባበት ነውሩ ዋጋ ወጣለት። ከፈልኩ፣ ጨረስኩ። የቅጣት ፍርሃት የገባው ከነበረው የተሻለ ምክንያት ላይ ተደርቦ አይደለም፤ እሱን አስወጥቶ ነው። ብራና_ገላጭ ያነሣው የሽልማት ነገርም የዚህ ወንድም ነው። እና ዝምታ_ይብቃ፣ ከሥር ያለው ሁልጊዜ ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ፍርሃት መጨመር ይሠራ ነበር።

አወያይ

ሁለት አስተያየቶችን አንሥቻለሁ። ስለ ሐሳቡ እንጂ ስለ ሰውየው አታውሩ። ቀጥሉ።

ዝምታ_ይብቃ

እሺ፣ ጥያቄዬን ላጥብበው። ሥሩ ፍርሃት ብቻ ነው የሚለውን እንተወው። ግን ፍርሃት ካለ ምን ይደረግ? «አትፍራ» የሚል ምክር እኔን ይበልጥ አስፈራርቶኝ ነው የሚያልፈው።

ነጭ_ጋውን

ለዚህ የምወደው ጥናት አለ። በ1965 ሌቨንታልና ባልደረቦቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቴታነስ ክትባት እንዲወስዱ መቀስቀስ ፈለጉ። ለከፊሉ በጣም የሚያስፈራ፣ ለከፊሉ ለዘብ ያለ ጽሑፍ ሰጡ። በጣም የፈሩት «ክትባት ጥሩ ነው፤ እወስዳለሁ» አሉ። ሄደው የተከተቡት ግን ከለዘብተኛው ቡድን አልበለጡም።

ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ለአንዳንዶቹ ክሊኒኩ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ፣ የሚከፈትበት ሰዓትና ከሳምንታዊ ፕሮግራማቸው መቼ እንደሚመቻቸው እንዲያስቡ ማሳሰቢያ ተሰጣቸው። ከእነዚህ 28 በመቶ ገደማ ተከተቡ። ካርታ ካላገኙት 3 በመቶ ገደማ ብቻ። ቦታውን እኮ ብዙዎቹ ያውቁታል! ግን ፍርሃት መሄጃ ካላገኘ ወደ ውስጥ ይዞርና «ሌላ ጊዜ» ይሆናል።

እኔ አሁን ታካሚን «ይህን ካላደረግህ ትሞታለህ» ብዬ አልጨርስም። «ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለተኛው ፎቅ፣ ስትደርስ መጣሁ የምትልበት መስኮት ይኸውልህ» እላለሁ።

ክንፍ_ጥገና

በአውሮፕላን ዘርፍ ነው የምሠራው። እኛ ጋ «ደፋር ሁን» የሚባል ነገር የለም። በ1976 አሜሪካ ውስጥ በናሳ የሚመራ የስህተት ማሳወቂያ ሥርዓት ተቋቋመ። አብራሪው ወይም ቴክኒሻኑ ሳያስበው ያጠፋውን ጽፎ ይልካል። ስሙ ይሰረዛል። ወንጀል ወይም አደጋ እስካልሆነ ድረስ፣ በጊዜው ካሳወቀ ከቅጣት ጥበቃ ያገኛል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ ሪፖርቱን የሚቀበለው ሌላ የሆነውም ለዚሁ ነው። ሰው ለሚቀጣው አካል ገመናውን አይነግርም።

ስብሰባችሁ ላይም ይሠራል። አለቃ «አስተያየት?» ብሎ ፊት ለፊት ከሚጠይቅ፣ ከስብሰባው በፊት እያንዳንዱ «ይህ ዕቅድ ከከሸፈ በምን ይከሽፋል?» የሚለውን በወረቀት ጽፎ ያስገባ። ማንም ማንንም አልተቃወመም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ባቡር_ልሳፈር

ንዴትንስ ማን ያነሣል? ለርነርና ኬልትነር በ2001 ባወጡት ጥናት ፈሪ ሰው ወደፊት የሚመጣውን አደጋ አግንኖ ሲያይ፣ የተናደደ ሰው ከደስተኛ ሰው ጋር እኩል ተስፈኛ ሆኖ ተገኝቷል። አደጋውን ያሳንሰዋል፣ ሁሉም በእጁ ያለ ይመስለዋል። እኔ ከፈራ አለቃ የተናደደ አለቃ ነው የሚያሳስበኝ። የፈራው ቢያንስ ውሳኔውን ያሳድረዋል።

ጡረተኛው_መሐንዲስ

የፈራም አለቃ ውሳኔውን አሳድሮ አሳድሮ ሰው የሚያስጨርስበት ጊዜ አለ፣ ልጄ። የወረቀቱ ነገር ግን ጥሩ ነው። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ አለቃው ራሱ የጻፈውን መጨረሻ ላይ ያንብብ። መጀመሪያ ካነበበ የሌላው ሁሉ ወረቀት የእሱ ቅጂ ይሆናል።

ዝምታ_ይብቃ

ወረቀቱን በእጅ ጽሑፍ ነው ወይስ በኮምፒውተር? የእጅ ጽሑፋችንን ያውቀዋላ።

ክንፍ_ጥገና

በኮምፒውተር። የሚሰበስበውም ከእናንተ ክፍል ውጭ ያለ ሰው ይሁን።